ሳይሄድ የሄደው ባል

ቀናተኛ ሁሉ ሥራ ፈት ነው የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው። ይኼ የማወራላችሁ ሰውዬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፎቶ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ የሰው ፊት ሲያሳምር የሚውል ነው። ብጉር ያጠፋል፣ ጥርስ ያነጣል፣ ፎቶ ሲነሳ ዓይኑን የጨፈነ ሙሽራ ቢመጣ ከሌላ ፎቶ ዓይን አምጥቶ ይገጥምለታል። ሰፈሩ «ብጉር አጥፊው» ይለዋል። ታዲያ እንዲህ የተወጠረ ሰው ለቅናት ጊዜ ከየት ያገኛል ትሉ ይሆናል። ቅናት እቴ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ የምሳ ሰዓት ይበቃዋል።

ሚስቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ከእሱ ስምንት ዓመት ቀድማ ወደዚህ የሰው አገር መጥታ ዜግነት ወስዳለች። እሱ ደግሞ በእሷ በኩል የመኖሪያ ፈቃድ አመልክቶ አሥራ አራት ወር ሙሉ መልስ ይጠብቃል። ወረቀታቸውን የሚያዘጋጅላቸው ጉዳይ አስፈጻሚ ገና በመጀመሪያው ቀን ጣቱን ቀስሮ አስጠንቅቆታል። መልሱ እስኪመጣ ከአገር ንቅንቅ እንዳይል፤ የጉዞ ፈቃድ ሳይሰጠው ከወጣ ማመልከቻውን ጥሎ እንደሄደ ይቆጠራል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ ተመልሶ ሚስቱ ዘንድ መግባትም የለም። ሰውዬው ይኼን ከሰማ ወዲህ አውሮፕላን ጣቢያ በሚያልፍ አውቶቡስ መሳፈር እንኳ ይከብደው ጀመር።

ጉዳይ አስፈጻሚው ሌላም የቤት ሥራ ሰጣቸው። ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ስለ ትዳራቸው ይጠየቃሉና እንዲለማመዱ አንድ ወረቀት ሙሉ ጥያቄ ጻፈላቸው። እሑድ እሑድ ቁርስ ላይ ይጠያየቃሉ። በየትኛው ጎን ነው የምትተኛው፣ አማትህ ስንት ልጅ ወለዱ፣ የጥርስ ሳሙና የሚገዛው ማነው። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ነገር መጣ፤ ከጋብቻው በፊት እጮኛ ነበራት ወይ ይላል። ሚስት ምንም አልደበቀችም። ነበራት፣ ሁለት ዓመት ቆዩ፣ ሐኪም ነው፣ እሷ ስትመጣ ተለያዩ፣ አለቀ። ለእሷ ማለቁ ነበር፤ ለእሱ ግን ያን ጠዋት ገና መጀመሩ ነው። ለቃለ መጠይቁ ይጠቅማል እያለ ቁመቱን ጠየቀ፣ የሚወደውን ዘፈን ጠየቀ፣ ፎቶ ካላትም እንድታሳየው ለመናት። አሳየችው። ምነው ባላሳየችው!

ከዚያ አገር ቤት አባቷ ታመሙ። ልባቸው ነው ተባለ፣ ሆስፒታል ገቡ። ሚስት ከሥራ የሦስት ሳምንት እረፍት ወስዳ ትኬት ቆረጠች። ባል አብሯት ሊሄድ የጉዞ ፈቃድ ጠየቀ፤ ዛሬ ነገ ሲሉት የእሷ መሄጃ ደረሰ። ሲሸኛት አማቱን እግዜር ይማራቸው አለ፤ ይኼን ከልቡ ነው ያለው። ሐኪሙ እዚያው ከተማ ይሠራ እንደሆነ ሊጠይቃት ደግሞ ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘጋው። ደርሳ ስትደውል ግን ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለ ዘወር አድርጎ ጠየቃት። እሷም እኛው ነን፣ ቤተሰብ ብቻ አለችው።

በአሥረኛው ቀን ታናሽ እህቷ በኢሜይል ፎቶ ላከችለት። አባታችን ከሆስፒታል ወጣ፣ እንኳን ደስ ያለህ ብላ ነው፤ ልጅት ምን ታድርግ፣ ተንኮል አታውቅም። አባት ጓሮ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ እናት ከጎናቸው፣ ልጆቹ ከኋላ ተደርድረዋል። ሚስቱ ዳር ላይ ቆማለች። ከአጠገቧ ደግሞ ያ መለሎ፣ ያ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ፣ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።

ምሳውን ትቶ ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተና ያጎላው ጀመር። የሰውዬው ቀኝ እጅ የት እንደሚያልቅ ለማየት ነው። ክርኑ ድረስ ይታያል፣ ከዚያ በሚስቱ ጀርባ ይጠፋል። ወገቧ ላይ ይሁን የገዛ ኪሱ ውስጥ ይሁን አይታወቅም። አምስት እጥፍ አጎላው፣ አሥር እጥፍ አጎላው፣ በመጨረሻ የሚታየው ባለ ቀለም ካሬ ብቻ ሆነ። እሱ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያለ ካሬ ለካሬ ሲዳክር የምሳ ሰዓቱ አለቀ።

ደውሎ አይጠይቃትም ወይ? ቢጠይቃት ምን ነበረበት! ግን የወንድ ልጅ ኩራት ክፉ ነው። እሱ እዚያ ምን ይሠራል ቢላት ቀናተኛ ሊባል ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ ሊፈነዳ ነው። ስለዚህ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሐኪሙን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አጠፋው። ብጉር እንኳ እንዲያ በደስታ አጥፍቶ አያውቅም። ሰውዬው ሲወጣ ግን ቦታው ባዶ ቀረ፤ ሚስቱ ዳር ላይ ብቻዋን ቆማ አሳዘነችው። ከጓደኛው ሠርግ ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ፈለገና ራሱን አምጥቶ ከጎኗ አቆመ። ፀሐይዋ ከግራ ስለነበረች ፊቱን ከግራ አበራው፣ ጥላውን ሣሩ ላይ አነጠፈው፤ ቁመቱ ላይም፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ አራት ጣት ጨመረበት። ሲጨርስ እሱ ራሱ ሄዶ የነበረ መሰለው። «ቤተሰብ» የሚል ፎልደር ውስጥ አስቀመጠውና ከሰዓቱን እያፏጨ ዋለ።

ሚስት በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች። ስለ ፎቶው ትንፍሽ አላለም። ሥራ ቦታ ፎቶውን ከፍቶ ሲያይ ቀለል ይለዋል፤ ቤት ሲገባ ግን ስልኳ ጢን ባለ ቁጥር ዓይኑ አብሮ ይሄዳል። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ በሩ አልተዘጋም፣ ዛሬ ደግሞ ለምን አምሮብሽ ወጣሽ እያለ ነገር ይፈልጋል። እሷ የወረቀቱ መዘግየት ነው እንዲህ ያደረገው እያለች ታዝንለታለች። ይኼ ሐዘኔታዋ ደግሞ ይባስ አበሳጨው፤ በደለኛ ባትሆን ለምን ታባብለኛለች ማለት ጀመረ።

እንዲህ እንዳሉ የቃለ መጠይቁ ቀን ተቆረጠ። ጉዳይ አስፈጻሚው ሁለቱ አብረው የተነሷቸውን ሃያ ፎቶዎች በአስቸኳይ አምጡ አለ። ያን ሳምንት የተመራቂ ተማሪዎች ፎቶ ባልን እስከ አንገቱ ውጦታል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የሚላቸው ደግ ሴት፣ አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ አትምልሃለሁ አሉት። «ቤተሰብ» ከሚለው ፎልደር ባልና ሚስት የሚታዩበትን ሁሉ አተሙ፣ ፖስታ ውስጥ ከተቱ፣ አሸጉ። የጓሮው ፎቶ ከሁሉ በልጦ ቢያምርባቸው ከላይ አደረጉት። ማሽናቸው ደግሞ ፎቶው የተነሳበትን ቀን ከጀርባው ያትማል። ቀኑን ሙሉ የሰው ፎቶ ሲመረምር የሚውል ሰው የራሱን ፖስታ ሳይከፍት ወስዶ አስረከበ።

ቃለ መጠይቁ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር። ጠያቂዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ረጋ ያለች ሴትዮ ናት። ባልና ሚስት ልምምዳቸው ጠቅሟቸዋል፤ የአልጋውን ጎንም፣ የጥርስ ሳሙናውንም፣ እጮኛውንም ሳይደናቀፉ መለሱ። ባል ትከሻው ዘና ማለት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ ፖስታውን ከፈተችና የላይኛውን ፎቶ ለሚስት አቀበለቻት። የት የተነሳ እንደሆነ ነው የጠየቀቻት።

ሚስት ፎቶውን አየች። አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ከጎኗ ባሏን አየች። ቀና ብላ እውነተኛውን ባሏን አየችው። ሴትዮዋ ፎቶውን ተቀብላ ገለበጠችውና ቀኑን አነበበች። ከዚያ ወደ ባል ዞረች። ይኼ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ያለ ቀን ነው፣ የጉዞ ፈቃድ አልተሰጠዎትም፣ ታዲያ መቼ ወጡ፣ በየት በኩልስ ተመለሱ አለችው።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አሉ። አሥራ አራት ወር ከድንበር የሸሸ ሰው በገዛ እጁ ራሱን ድንበር አሻግሮ ቁጭ! ሄጄ ነበር ቢል ፋይሉ ተዘጋ። አልሄድኩም ቢል ፎቶው ሐሰተኛ ማስረጃ ነው፤ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ደግሞ ጉዳይ አስፈጻሚው ከበቂ በላይ ነግሮታል። እውነቱን ለመናገር ግን ከሴትዮዋ ይልቅ የፈራው አጠገቡ የተቀመጠችውን ነው።

«አልሄድኩም» አለ። «ራሴን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እዚያ የቆመው ሌላ ሰው ነበር።»

ሴትዮዋ ማን እንደነበር ጠየቀችው።

«የድሮ እጮኛዋ» አለ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ። «ቀንቼ ነው።»

ሚስት ስልኳን አወጣችና ትክክለኛውን ፎቶ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሴትዮዋ ሁለቱን ጎን ለጎን እያስተያየች ቆየች። ቁመትዎ ግን ብላ ጀመረችና ተወችው። የመውጫና መግቢያ መዝገቡን ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች፤ ሰውዬው ከገባበት ቀን ጀምሮ አንዴም አልወጣም። ይኼ ቢያድነውም ፎቶው እንዲሁ ሊታለፍ አይችልም አለች። ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገ በእጁ ጽፎ ይፈርም፤ ሚስትም እውነት ነው ብላ ከሥሩ ትፈርም። እሷ ካልፈረመች ጉዳዩ ወደ ማጭበርበር ክፍል ይሄዳል። ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጥታ ወደ ኮሪደሩ ላከቻቸው።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባል ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሥራ ብዛት ምክንያት በተፈጠረ ስሕተት ብሎ ጀመረ። ሚስት አነበበችና መለሰችለት። ስሕተት አይደለም፣ ውስጥ ለሴትዮዋ ያልካትን ጻፍ አለችው። ከወረቀቱ ጀርባ እንደገና ጀመረ። በሚስቴ የቀድሞ እጮኛ ቀንቼ ከፎቶው ላይ አጥፍቼዋለሁ፣ በቦታውም ራሴን አስገብቻለሁ ብሎ ጻፈና ፈረመ። እንዲያ ተጽፎ ሲያየው ያፈረውን ያህል በሕይወቱ አፍሮ አያውቅም። እስክርቢቶውን ሰጣት። ተቀበለችው እንጂ አልፈረመችም።

«አባቴን ያዳነው እሱ ነው» አለች። «ተስፋ የለውም ሲሉን ሌት ተቀን ከአልጋው ያልተለየ እሱ ነው። አንተ ያጠፋኸው እሱን ነው።»

ያም ሆኖ ቅናት አፉን አልዘጋለትም።

«ቤተሰብ ብቻ ነን አላልሽኝም? ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዲህ እንደምትሆን ስለማውቅ ነዋ!»

እንዲህም ሆኖ ተገኝቷል። ሚስት ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና ከፊርማው ሥር የራሷን አንድ መስመር ጨመረች። ሰውዬው እዚያ መኖሩን ከባለቤቴ የደበቅኩት እኔ ነኝ ብላ ጻፈችና ፈረመች። ባል አነበበው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፣ ድኗል፤ ግን ደብቄዋለሁ የሚለውን በእጅ ጽሑፏ ሲያይ ያ የቅናት እሳት እንደገና ቦግ አለ።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ ከፋይሉ ጋር አያያዘችው። ውሳኔው በፖስታ ይደርሳችኋል፣ እስከዚያ ባል ከአገር እንዳይወጡ አለች። እርስዎስ የመሄድ ሐሳብ አለዎት ወይ ብላ ሚስትን ጠየቀቻት። ሚስት አዎ አለች፤ አባቷ በሚቀጥለው ወር የሐኪም ቀጠሮ አላቸው፣ ትሄዳለች።

ደረጃውን እየወረዱ ባል ከራሱ ጋር ብዙ ታገለ። ሳይጠይቅ መውረድ ግን አልቻለም።

«ቀጠሮው እሱ ጋ ነው?»

«እሱ ጋ ነው።»

በየትኛው ቀን፣ ማን ይወስድሻል፣ ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ የሚለው ሁሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጠው። ጥርሱን ነክሶ አመሰግናለሁ በይልኝ አላት። ሚስት ደረጃው መሃል ቆመችና ስልኳን ነካ ነካ አደረገች፤ የሐኪሙ ቁጥር ባል ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ላይ ገባ።

«እኔን አትላክ» አለችው። «ራስህ ንገረው።»

የደረጃውን ብረት በአንድ እጁ ይዞ ደወለ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሳ፤ ወፍራም፣ ትሕትና ያለው ድምፅ ማን ልበል አለ። ባል ዞር ብሎ ሚስቱን አያት፣ እሷ ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ትጠብቀዋለች።

«ባሏ ነኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ አመሰግናለሁ የሚለውን፣ ለመናገር ጥቂት ጊዜ ወሰደበት፤ ሐኪሙ ግን ስልኩን አልዘጋም።