ደጃፍ ላይ የቀረው ከረጢት

መስቱራ ውሻ ስታቅፍ የመጀመሪያዋ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ቶቢን ጓሮ ውስጥ አረፋ ደፍቆ፣ እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ፣ ትውከቱ ላይ ተዘርሮ አገኘችው። በካፖርቷ ጠቅልላ እያለከለከች ወጣች። ባሏ ከማለዲን ከታክሲ ሥራው ለምሳ መጥቶ መኪናውን ገና ማቆሙ ነበር።

«ከማል፣ ድረስልኝ! ሊሞት ነው!»

ከማለዲን ነጃሳ ነው ብሎ ውሻ አጠገቡ አስደርሶ አያውቅም። ቶቢን አየ፤ የኋላ ወንበሩን አየ።

«መኪና ይታጠባል፤ ግቢ» አላት።

ውሻው የዶሪን ነው። ዶሪን እነመስቱራ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ በተከራዩት ቤት ምድር ቤቱ ላይ የሚኖሩ እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው። ደርግ ሊወድቅ ሲል ከደሴ ተሰዳ ለመጣችው መስቱራ፣ አንድ አንድ ቃል እያሉ እንግሊዝኛ ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያላቸው ቶቢ ብቻ ነው። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ሲገቡ ቁልፋቸውን ለመስቱራ ሰጥተው፣ «እሱን አደራ» አሏት። መሬቱ በውርጭ ሳይደርቅም በከረጢት ያስቀመጡትን ዳፎዲል የሚባል ቢጫ አበባ ሥር ጓሮ እንድትተክልላቸው ለመኗት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግማሹን እንደተከለች የሥራ ሰዓቷ ደረሰ። የቀረውን ከነከረጢቱ በጓሮው በኩል ደጃፍ ላይ ትታ ሮጠች። ሽንኩርት የመሰለ ነገር ውሻ ይገድላል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የእንስሳት ሐኪሟ ካፖርቱ ላይ የተጣበቀውን የታኘከ ሥር ስታይ ራሷን ነቀነቀች።

«ዳፎዲል ለውሻ መርዝ ነው፤ ከአበባው ሥሩ ይብሳል። እሱ ደግሞ አርጅቷል፣ ልቡም ደካማ ነው።»

ቶቢ ሳይመሽ ሞተ።

«ጠፋ በያቸው» አላት ከማለዲን ሲመለሱ። «በሩ ተከፍቶ ወጣ በያቸው። ዳሌያቸው ሳይጠገን ልባቸውን ልትሰብሪ ነው?»

«ጠፋ ካልኳቸው ሲጠብቁት ይኖራሉ። በር በተንኳኳ ቁጥር ያመጡላቸው ይመስላቸዋል።»

ከማለዲን ባልዲ አንስቶ የኋላ ወንበሩን ሊያጥብ ወጣ።

በማግስቱ መስቱራ ሆስፒታል ስትደርስ ዶሪን ትራሳቸውን ተደግፈው ነበር።

«ቶቢዬ ይበላል?» አሏት ገና ሳትቀመጥ።

መንገዱን ሁሉ ስታሰናዳው የመጣችው እንግሊዝኛ ድራሹ ጠፋባት።

«ሞተ» አለች። «ከረጢቱን ደጅ ትቼው ሄድኩ። ዳፎዲሉን በላው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዶሪን ትክ ብለው አዩዋት።

«ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም። ነፍሱ እስክትወጣ አጠገቡ ነበርኩ።»

«ሂጂ» አሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «እባክሽ ሂጂ። ፊትሽን ማየት አልችልም።»

መስቱራ ቦርሳዋን አንስታ እስከ በሩ ሄደች። የጥየቃ ሰዓት ስለነበር በየአልጋው ዙሪያ ዘመድ ተኮልኩሏል። ከዶሪን አልጋ አጠገብ ብቻ ማንም የለም። ብርድ ልብሱ ሥር ትከሻቸው ሲርገፈገፍ ከሩቅ ይታያል። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም፤ ያሳዘነው ሰው ግን አጠገቡ ምን ሊሠራ ይቀመጣል? በሩን እንደያዘች ትንሽ ቆመች።

ከዚያ ተመለሰች። ወንበሩን ኮሽ ሳታደርግ አንስታ ከጀርባቸው፣ ፊቷ በማይታያቸው በኩል፣ አስጠግታ ተቀመጠች።