አርባው ኮምፒውተር

ከቡሬ እስከ አሰብ እኔን ሙጬን የማያውቅ ኬላ የለም። የጭነት መኪናዬን ቡሬ ላይ ሳስነሳ የደምበጫ ውሻ ይጮኻል። እንዲህ ያለ ሰው ምክር ቢጠየቅ ምን ይደንቃል?

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት፣ ክረምቱ ሊጠና ሲል፣ የእህቴ የካሰች ልጅ ያይኔአበባ ማትሪክ አለፈች። በጎጃም ምድር በሒሳብ የሚደርስባት ነበር ቢሏችሁ አትመኑ። ነርስ ሁኚ ቢሏት እምቢ፣ አስተማሪ ሁኚ ቢሏት እምቢ። «ሒሳብ ገብቼ ኮምፒውተር ነው የምማረው» አለች። ቅጹ የሚሞላው ደግሞ አንዴ ብቻ ነው። አንደኛ ብላ የጻፈችው ቦታ ይመድቧታል፤ ከተሳሳተች መመለሻ የለም።

ቦታው ሁለት ነበር፤ አዲስ አበባና አስመራ ዩኒቨርሲቲ። ደብተሯን መሐል ለመሐል አስምራ ታመዛዝን ጀመር። በአዲስ አበባ በኩል፣ ቀድሟት የገባው የትምህርት ቤቷ ልጅ ስዩም የላከላትን ደብዳቤ ገለበጠች፦ አንድ ክፍል፣ ስድስት ኮምፒውተር፣ ለአንድ ተማሪ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ያውም በወረፋ። በአስመራ በኩል አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ አርባ ኮምፒውተር፣ ለያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ።

አርባ ያልኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት በወታደር ታጅበን እህል ይዘን አስመራ ገብተን ነበር። አንድ ግቢ ስናራግፍ በመስኮት አየኋቸው። ወጣቶች ተደርድረው ፊደል የተጻፈባቸውን ቁልፎች ይቀጠቅጣሉ። «ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ እኔ ስጠየቅ እንጂ ስጠይቅ ማን አይቶኝ ያውቃል!

ቅጹ የሚሞላበት የመጨረሻ ቀን አርብ ነበር። ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት፣ ሌላ ሾፌር ቢሆን ቡሬ ላይ በቀረ። እኔ ግን ልጅቷን፣ እናቷንና የአባቷን አባት የኔታ ወልደ ገብርኤልን ይዤ ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ስደርስ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ጸሐፊው ጓድ ቢሆነኝ ቅጹን ሰጣት። «በቀለም ነው የሚሞላ። ስርዝ ድልዝ ያለበትን አልቀበልም። ዘጠኝ ሲል ፖስታው ይታሸጋል» ብሎ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

«አስመራ!» አለች ካሰች። «ጦርነት መሐል! ልጄን ለጥይት ነው የምትድርልኝ፣ አንተ?»

«እኔ ላይ መቶ ቦታ ተተኩሶ አንዱም አላገኘኝ።»

«አንተንማ ወሬህ ይከልልሃል። እሷን ማን ይከልልልኛል?»

«እማዬ፣ ስድስትና አርባ እኮ ነው» አለች ያይኔአበባ። ስሟን ጽፋ ጨርሳለች።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ግን ስልሳ እላለሁ። «የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቤት ሲመርጥ ደብሩን አያይም» አሉ። «መምህሩ ከማን ተማረ? በአንድ መጽሐፍ ስንት ተማሪ ያጠናል? ይህን ደግሞ እዚያው የተቀመጠ ይጠየቃል እንጂ መንገደኛ አይጠየቅም።»

«እኔ መንገደኛ ነኝ፣ የኔታ?»

«ሾፌር ምንድን ነው ታዲያ? በል፣ የአስመራው መምህር ከማን ተማረ?»

«ከጀርመን።»

«ከጀርመን ማን?»

«ከዋናው።»

ካሰች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የኔታ አልሳቁም። ይህኔ ከውስጠኛው ክፍል ድምፅ መጣ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ከዚያ አንዲት ደወል ቅጭል አለች፤ እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ።

ያንን ደወል አውቀዋለሁ። አስመራ ላይ፣ ከዚያ መስኮት ሥር፣ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ሰምቼዋለሁ። አንገቴን አስግጌ በተከፈተው በር አየሁ። ጓድ ቢሆነኝ ቁጭ ብሎ ፊደል የተጻፈባቸውን ቁልፎች ይቀጠቅጣል።

ላቡ ጀርባዬ ላይ እንደ አባይ ወረደ። ዝም ብል ማን ያውቃል? አስመራ ሩቅ ነው። ምናልባትም እዚያ እውነተኛው ኮምፒውተር አለ፤ ምናልባት መቶ ነው! የግድግዳው ሰዓት ለዘጠኝ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ያይኔአበባ ብዕሯን አንደኛ ምርጫ የሚለው መስመር ላይ አድርሳ ቀና አለች።

«አያ ሙጬ፣ በአንተ ቃል ነው የምጽፈው።»

ከዓይኗ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። በሕይወቴ ያን ያህል የታመንኩበት ቀን የለም፤ ይኼን እንኳ ሳልጨምር ነው የምነግራችሁ።

«አትጻፊ» አልኩ።

«ምን?»

«ያየሁት እንደዚያ ያለውን ነው።» ወደ ውስጥ አመለከትኩ።

ዞራ አየች። «ታይፕ?»

«ታይፕ።»

«አርባ ታይፕ?»

«አርባስ አይሞላም።»

«ስንት ነው፣ አያ?»

«ስምንት።»

ካሰች «ውይ!» ብላ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ያይኔአበባ ግን ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። «ኮምፒውተርስ አለ ወይስ የለም?»

«አላውቅም።»

ይህች ቃል መንጋጋዬን ነቅላ የወጣች መሰለኝ።

«ስድስቱን የቆጠራቸው እዚያው የተቀመጠ ነው» አሉ የኔታ።

ልጅቷ ብዕሯን ወደ ብርሃኑ ይዛ ጫፉን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ «አዲስ አበባ» ብላ ጻፈች። ጓድ ቢሆነኝ ወጥቶ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ፖስታው ውስጥ ከተተውና ሙጫውን ቀባ። ዘጠኝ ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ይጎድል ነበር።

ስንመለስ ማንኩሳ ላይ ያይኔአበባ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። «ስዩምን የምጠይቀው አለኝ። መምህራኑ የት እንደተማሩ ይጻፍልኝ። ደብዳቤ የሚያደርስልኝ፣ ከቡሬ አዲስ አበባ የሚመላለስ ስንት ሾፌር አለ?»

«ሀ...» ሃያ ልል ነበር። መሪውን ይዤ በጣቴ ቆጠርኩ። «ሁለት።»

«ከአንተ ሌላ?»

«ከእኔ ሌላ።»

«ስማቸውን ንገረኝ።»

«ደርበውና ይሄይስ» አልኳት። ሁለቱንም ጻፈች፤ የእኔን አልጻፈችም።