የብሳና ማር

እትዬ ዓባይነሽ ክኒኑን በማንኪያ ጀርባ ደቁሰው ነጩን ማር ወደ ጎን ገፉት። የሱ ጣዕም ነገር አይደብቅም። የብሳናው ማር ግን ራሱ መረር ይላል፤ ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል?

ከመጋረጃው ወዲያ የልጅ ልጃቸው ፍሬ ከእጮኛዋ ከዮሲ ጋር በስልክ ትሳሳቃለች። እንዲህ ስትስቅ ከሰሙ ዓመት አልፏቸዋል። ባለፈው ክረምት እህል አልቀምስ ብላ ተኝታ ከርማ፣ አንድ ማለዳ ሰዎች ከወንዝ ዳር መልሰው አመጧት። ከአልጋ ያነሣት መድኃኒቱ ነው። ከዮሲ ጋር የተዋወቀችው ከዚያ ወዲህ ስለሆነ ስለ ሕመሟ አያውቅም። ትናንት ደግሞ ክኒኑን መተዋን ነገረቻቸው። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሿን ሲያዳምጡ አደሩ።

ስልኩን ዘግታ ስትወጣ ማንኪያውን ዘረጉላት።

"ቅመሺ እስቲ፣ ከዋጫ ገበያ የመጣ ነው። ለመሆኑ ሐኪሙ ክኒኑን ተዪ አለሽ?"

"እማዬ፣ እሱን እየዋጥኩ ዮሲ ለኔ ደግ ሰው ብቻ ነበር። አሁን የሱን ባጃጅ ድምፅ ስሰማ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሐዘንም ፍቅርም የአንጎል ኬሚካል ነው፣ መድኃኒቱ አንዱን ሲያበርድ ሌላውንም ሊያበርድ ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ።"

"ተዪ አለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።"

"በራስሽ እንዳትተዪ፣ ነይና እንቀይረዋለን አለኝ። ከሰርጉ በኋላ እሄዳለሁ።"

"እኔና አያትሽ ጉልበታችን ሳይከዳን ነው ልጆች ያሳደግነው።"

"ለዚህ ነዋ ስትጨቃጨቁ የኖራችሁት።" ፍሬ እየሳቀች ማሩን ላሰች። ሳቋ ወዲያው ቆመ። "ይህ የማር ምሬት አይደለም። አውቀዋለሁ።" ደጅ ወጥታ ተፋችው። "ነገ ደግሞ በወጡ ውስጥ ነው?"

አያቷ አልካዱም። "ዛሬውኑ ሐኪሙ ዘንድ እንሂድ።"

"ዛሬ ከዮሲ ጋር ልብስ ሰፊው ዘንድ ነኝ። ደግሞ እንዳትነግሪው። ካወቀ ይሄዳል።"

"ካላወቀ አንቺ ትሄጃለሽ።"

ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ በር ላይ ጥሩንባ ነፋ። እትዬ ዓባይነሽ ነጠላቸውን አንሥተው ቀድመው ወጡ።

"እማማ፣ ዛሬ እርስዎም ቬሎ ሊለኩ ነው?" አለ ዮሲ።

"ሆስፒታል ውሰደን።"

"ማን ታመመ?"

ሁልጊዜ ከሱ ጎን የምትሸጎጠው ፍሬ ዛሬ ከኋላ ገብታ ጥግ ያዘች። አያቷ እጇን ቢይዟት ነጠቀቻቸው። ዮሲ በመስታወቱ ሲፈልጋት ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ ነበር።

"ንዳ ልጄ፣" አሉት እትዬ ዓባይነሽ፤ "መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።"