ትንሽ ብቻ አጠበቅኩት

የመኪናዬ ድምፅ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትንኝ የገባችበት መስሎኝ ነበር። ሰኔ ላይ ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር አብሮ የሚጮህ፣ እግሬን ሳነሳ አብሮ የሚወርድ፣ እናቱ ጥላው እንደሄደች ቡችላ የሚያላዝን ነገር ሆነ። መስከረም ሲገባማ እኔ ገና ድልድዩን ሳልሻገር መንደሩ በሙሉ «ስታሜንካ መጣች» ይል ነበር።

እኛ መንደር ኮፈን ከተከፈተ ወንድ አይጠፋም። ሳይጠሩት ይመጣል፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ይቆማል፣ አረቄያችን ራኪያ ይቀዳለታል፣ ከዚያ አንድ ነገር ሳይነካ አይሄድም። ዝም ብሎ አይቶ ከሄደ ወንድነቱ የጎደለ ይመስለዋል። ብላጎዬ የሚባለው ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ አንድ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ «ካምቢዮው ነው» አለ። የሟች ባሌ ወንድም ቶዶር ደግሞ ግቢው ከግቢዬ ጋር በአጥር ነው የሚለየው። እሱ ራሱን ነቀነቀና ብርጭቆውን ጨለጠ።

«ሞተሩ ራሱ ነው። አለቀለት። አልቅሰሽ ቅበሪው፣ ሙሽራ።»

ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በእኛ አገር ግን የወንድም ሚስት እስክትሞት ሙሽራ ናት።

ይህ «አለቀለት» የሚለው ቃል ለሌላ ሰው ቀልድ ይሆናል፤ ለእኔ ፍርድ ነበር። ባለፈው ኅዳር፣ የቤታችን በዓል የሚካኤል ዕለት፣ ልጄ ስላቪሻ በእንግዳ ሁሉ ፊት «እማዬ፣ ኒሽ ከተማ መጥተሽ ከእኛ ጋር ኑሪ» እያለ ሲነዘንዘኝ፣ ልገላገለው ብዬ አንድ ቃል አመለጠኝ። «የዚህ መኪና ሞተር የሞተ ቀን እመጣልሃለሁ» አልኩት። የበዓሉ ሻማ ጠረጴዛው ላይ እየነደደ ነበር። በዚያ ሻማ ፊት የተሰጠ ቃል አይታጠፍም። አውቶቡሱ ከመንደራችን ከቀረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ያለ መኪና ገበያ የለም፣ ሐኪም የለም፣ የባሌ መቃብር እንኳ የለም። መኪናው ከሞተ እኔም ልጄ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ በረንዳ ጠባቂ ሆንኩ ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት የብላጎዬ ሚስት አጥሩን ተደግፋ፣ «ዶሮዎችሽን ለማን ትሰጫለሽ? እኔ ብወስዳቸው ደስ ይለኛል» አለችኝ።

«የት ልሄድ ነው የምሰጣቸው?»

«ኒሽ ነዋ! ስላቪሻ ቅዳሜ ጭነት መኪና ይዞ ይመጣ የለም እንዴ?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቶዶር ለልጄ ደውሎ፣ ልጄ መኪና ተከራይቶ፣ ዶሮዎቼ ተከፋፍለው፣ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።  ለስላቪሻ ደወልኩለትና ሳልጨርስ «ቃል ገብተሻል፣ እማዬ» አለኝ፤ ለሕፃን እንደሚያወራ ድምፁን አለስልሶ። ድምፁን ባያለሰልስ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ከወጥ ቤት ረጅሙንና ቀጭኑን የሊጥ መዳመጫ ዘንግ ይዤ ወጣሁ።

ይህን ያበድኩ ያስመሰለኝን ነገር የተማርኩት ሌስኮቫች ክር ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ነው። አራት መቶ እንዝርት ባንዴ ሲሽከረከር ሰው ከጎኑ ያለውን ሰው አይሰማም። እኛ ሴቶቹ ግን ከአራት መቶው አንዱ ሲታመም እንሰማ ነበር። የእንጨቱን አንድ ጫፍ ማሽኑ ላይ ታሳርፊያለሽ፣ ሌላውን ጫፍ ከጆሮሽ ፊት ካለው አጥንት ላይ ትደግፊዋለሽ። እንጨት ውሸት አያውቅም። ፎርማናችን «ይቺ ናት» እስክንለው ይጠብቅና መዝገቡ ላይ «እኔ አገኘሁት» ብሎ ይጽፍ ነበር። ነፍሱን ይማረው፤ ጆሮ ግን አልነበረውም።

ሞተሩን አስነስቼ ኮፈኑን ስከፍት የቶዶር ጭንቅላት ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«ሙሽራ! ለሞተሩ ፒታ ልትጋግሪለት ነው?»

«ላንተ አፍ ያዘጋጀሁት ነው። ጠጋ በል።»

«ተይው በናትሽ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል።»

«እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመቷ ነው። ጠይቄ ምን እጎዳለሁ?»

መጀመሪያ ዘንጉን ሞተሩ ራስ ላይ አሳረፍኩት። ታክ ታክ ታክ፤ እኩል ነው፣ ጤነኛ ነው። ልቤ ግን ገና አላመነም። ጎንበስ ብዬ ካምቢዮውን ሰማሁት፤ ጠግቦ የተኛ ሰው ይመስል ያንኮራፋል እንጂ አያላዝንም። የውሃውን ፓምፕ ሰማሁት፤ ውሃ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ከዚያ ዘንጉን ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ላይ ሳሳርፈው ጩኸቱ ጥርሴ ድረስ ዘለቀ። 

አንዴ ሰምቶ መፍረድ ግን የቶዶር ሥራ ነው። ድምፅ ከብረት ወደ ብረት ይሄዳል፤ ፋብሪካ ውስጥ ጤነኛ እንዝርት አውርጄ የተሰደብኩበት ቀን አለኝ። ስለዚህ ሞተሩን አጠፋሁና ዲናሞውንና የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ላወልቅ ተነሳሁ። ቺንጋውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ንቅንቅ አላለም። እንደ ብረት ደርቋል። ብሎኑን በመፍቻ ስይዘው ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ዲናሞው የሚሳብበት ረጅም ቀዳዳ አለ፤ ብሎኑን ላላ አድርገሽ ዲናሞውን ስትስቢው ቺንጋው ይጠብቃል። የእኔ ብሎን የቀዳዳው መጨረሻ ጫፍ ደርሶ ተጣብቋል። ከኋላው ባለው ዝገት ላይ ቀድሞ የቆመባቸው ቦታዎች ክብ ክብ ምልክት ትተው ነበር። ቆጠርኳቸው። አራት ጊዜ ተስቧል።

ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ እኔ አንድም ጊዜ አልነካሁትም።

ቺንጋውን አውልቄ ሞተሩን አስነሳሁት። ዝም። ሞተሩ ብቻ፣ ታክ ታክ ታክ። ከግማሽ ደቂቃ በላይ አላቆየሁትም፤ ውሃው እንዳይፈላ አጠፋሁት። ከዚያ መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ። ለመኪናው አይደለም ያለቀስኩት። አምስት ወር ሙሉ እየሞትኩ ነው ብዬ ስላመንኩ ነው።

«ቶዶር!» ብዬ ተጣራሁ። «ና ወዲህ!»

መጣ። ቺንጋው የሚጠመጠምበትን የዲናሞውን ፑሌጃ በእጄ አዞርኩለት፤ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንገራገጫል። ውስጡ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቷል።

«ቺንጋውን ነክተሃል?»

ዓይኑን ወደ ዶሮዎቹ ላከ። «ትንሽ ብቻ አጠበቅኩት። የዛሬ ዓመት ገደማ። ኮፈን ከፍቼ እንዲሁ ልዝጋው?»

«ብላጎዬስ?»

«እሱም ትንሽ አጥብቄለታለሁ ሲል ሰምቻለሁ። ቄሱም...»

«ቄሱ?!»

«ቤቱን ጸበል ሊረጩ የመጡ ጊዜ ነዋ። ‹ላላ ያለ ይመስለኛል› ብለው ነው። ቄስን ማን ይከለክላል?»

«አራተኛውስ?»

«ይሄንን እኔ አላውቅም።»

ቺንጋ ሲላላ ይጮሃል፤ ይህን እያንዳንዱ ወንድ ያውቃል። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ኩሽኔታውን እየጎተተ ይበላዋል፤ ይህን ማንም ሊያስብ አልፈለገም። እያንዳንዱ ለእኔ አስቦ፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ ትንሽ ብቻ አጠበቀ። በኋላ ሲያላዝን ደግሞ ተሰብስበው ሞተ አሉኝ።

«ትራክተርህን አስነሳ» አልኩት።

«አሁን? ቃሪያው እሳት ላይ ነው እኮ!»

«ይረር።»

ዲናሞውን አውልቄ ጭኔ ላይ ይዤ፣ ትራክተሩ ጭቃ መከላከያ ላይ ተቀምጬ ከተማ ገባሁ። የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ቶዶርን እያየ «ምን ልታዘዝ ጋሼ?» አለው። ዲናሞውን ባንኮኒው ላይ ጧ አድርጌ አስቀመጥኩት።

«ከፊት ያለውን ኩሽኔታ ፈልጌ ነው።»

«ጋሼ፣ ቁጥሩን ያውቁታል?» አሁንም ለቶዶር።

ቶዶር ሕይወቱን ሙሉ ያላደረገውን አንድ ጥሩ ነገር ያደረገው ያኔ ነው። ወደ እኔ ጠቆመና «እሷን ጠይቃት፣ እኔ አሽከሯ ነኝ» አለ። ሰውየው ፈገግ አለ፤ እኔ አላልኩም። እዚያው ባንኮኒው ላይ ዲናሞውን አስፈታሁት፣ የተበላውን ኩሽኔታ አስወጣሁት፣ ቁጥሩን ከጠርዙ አነበብኩለት፣ አዲሱንም ፊቴ አስገጠምኩት። ፑሌጃውን ሳዞረው ቅቤ የተቀባ ያህል ዞረ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ዲናሞው ቦታው ተመለሰ። ቺንጋውን ራሴ ሳብኩት፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት በትንሽ ጣት ስፋት ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ብላጎዬ አጥሩ ጋ መጥቶ «ትንሽ አልላላም?» ሲል የሊጥ መዳመጫውን አነሳሁበት። ሄደ።

ቅዳሜ ስላቪሻ መጣ። የጭነት መኪናው ኋላ ባዶ የሙዝ ካርቶን ሞልቶታል። እኔ ግቢው መሐል ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩን አስነስቼ ቆሜ ነበር። ወርዶ ሊስመኝ መጣና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። አዳመጠ። የሚያላዝን ነገር የለም።

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን ጠቆረ።

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

ኩሽኔታውን፣ ቺንጋውን፣ አራቱን ምልክት ነገርኩት። አራቱ ስል ጆሮው ድረስ ቀላ። ገና አፉን ሳይከፍት ገባኝ። አንገቱን ደፋ።

«በፋሲካ ጊዜ... ዝናብ ነበር፣ ብቻሽን ስትነጂ ቺንጋው እንዳይንሸራተትብሽ ብዬ... ትንሽ ብቻ ነው ያጠበቅኩት፣ እማዬ።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው አልመጣልኝም። እሱ ግን ቁጣ የመጣለት ይመስል ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አባዬ እዚህ ግቢ ውስጥ ሲወድቅ ማን ነበረ? አንቺ ገበያ ነበርሽ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ብቻውን ነው የተኛው! አንቺም እንደዚያ ብትሆኚስ? እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ታውቂያለሽ?»

ይህን ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ሞተሩን አጠፋሁት፤ ለእንዲህ ያለ ነገር በጩኸት መሐል መልስ አይሰጥም።

«እኔም እፈራለሁ፣ ስላቪሻ» አልኩት። «ማታ በሩን ስቆልፍ ሁልጊዜ እፈራለሁ። ግን የምፈራው በገዛ ቤቴ ነው። እናንተ ጋ ብመጣ ፍርሃቱ ይጠፋል፤ እኔም አብሬው እጠፋለሁ። ይህን አልፈልግም። በየቀኑ ጠዋት እደውልልሃለሁ፤ ባልደውል ለቶዶር ደውል፣ አጥር ዘሎ ይምጣ። ከአጥር መዝለል ሌላ ሥራ የለውም።»

«ሰማሁ!» አለ ቶዶር ከአጥሩ ማዶ።

«ቃልሽስ?» አለ ስላቪሻ። «በሻማው ፊት ያልሽው?»

«ቃሌን አላጠፍኩም። ሞተሩ የሞተ ቀን እመጣለሁ። ግን መሞቱን የምነግርህ እኔ ነኝ። ቶዶር አይደለም፣ ብላጎዬ አይደለም፣ ቄሱም አይደሉም። አንተም አይደለህም።»

 ከዚያ ወደ መኪናው ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለና ውስጡን ያይ ጀመር። ዲናሞውን አየ፣ አዲሱን ኩሽኔታ ሊያይ ሞከረ። ሳያስበው አውራ ጣቱ ወደ ቺንጋው ሄዶ ጫን አደረገው፤ ቺንጋው ዝቅ አለ። ዓይኑ መሬት ላይ ያለውን መፍቻ ፈለገ።

«እማዬ፣ ይሄ ትንሽ...»

«እጅህን።»

እጁን አነሳ። ሱሪው ላይ ጠረገው፣ አንድ እርምጃም ወደኋላ ሄደ። እኔ ኮፈኑን ዘጋሁት።