ሁልጊዜ የምናቆምበት ቦታ

ልብስ ሰፊዋ በመጥረጊያ እጀታ ኮርኒሷን ስትደበድብ ከእግራችን ሥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል። እኔ ቪዮላ፣ ሚስቴና እህቷ ቫዮሊን፣ ዝምተኛው የምንለው ጓደኛችን ደግሞ ቼሎ ይዘን አክስቴ ቤት ፎቅ ላይ ክላሲካል ሙዚቃ እንለማመዳለን። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ከበታቻችን ነው። የዚያን ቀን ግን መደብደቡ አልበቃትም፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አክስቴ ዘንድ ሄዳ ከሰሰችን።

አክስቴ ነገር አታበዛም። «የቆየች ተከራዬ ናት። ወይ ታረቋት፣ ወይ ክፍሉን ልቀቁልኝ» አለች።

ያንን ክፍል ካጣን መሄጃ የለንም። አራት ሰው በየቀኑ አንድ ዜማ ሲያላምጥ ችሎ የሚያከራይ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ልለምናት ወረድኩ። ልለምናት ልበል እንጂ አንጀቴ አሯል፤ ደረጃውን የወረድኩት «ጆሮ የሌላት ሴትዮ!» እያልኩ ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ሙዚቃ እኮ ሲለምዱት ነው የሚጥመው» ብዬ ስለ ዘመኑ፣ ስለ አደራረሱ አስረዳት ጀመር። አዲስ አድማጭ ባገኘሁ ቁጥር የማደርገው ይህንኑ ነው። ሚስቴ «አንተ ሰው የምታስተኛው ገና ሙዚቃው ሳይጀመር ነው» ትለኛለች።

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

«መች ጠላሁት አልኩህ? እጅጌ ትጀምራላችሁ፣ መልሳችሁ ትፈቱታላችሁ። እንደገና እጅጌ! ልብሱ መቼ ነው የሚያልቀው? እዛች ወደ ላይ የምትወጣዋ ጋ ስትደርሱ ልቤ አብሯችሁ ይወጣል፤ እናንተ ቀጥ! ሰው እንዲህ ተንጠልጥሎ ይቀራል?»

ክው አልኩ። እውነቷን ነው። ቫዮሊኖቹ ሽቅብ የሚወጡበት ቦታ ላይ ሁሌ አንዳችን እንሳሳታለን፤ እናቆማለን፤ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ያን ሁሉ ዓመት ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖባታል ለካ።

ይዣት ወጣሁ። ወንበር መሃላችን አደረግንላት። ማብራሪያዬን ልቀጥል አፌን ስከፍት «ወሬውን ተወውና ጨርሱልኝ» አለች።

ብንሳሳትም ላናቆም ተስማምተን ጀመርን። ወደዚያ ቦታ ስንቃረብ ሜትሯን ጭብጥ አድርጋ ያዘች። ቫዮሊኖቹ ወጡ፤ ሚስቴ አንዲት ድምፅ ሳተች፤ አላቆመችም። አለፍን! ከዚያ ወዲያ ዜማው ይሰፋል፤ ቼሎው ከሥር ገብቶ ሁላችንንም ይሸከማል። ልብስ ሰፊዋ እጇን በአፏ ጫነች። ዕንባዋ ሲወርድ አልጠረገችውም። እኔም ስንት ዘመን የተጫወትኩትን ዜማ ፊቷን እያየሁ ገና ያን ጊዜ ሰማሁት። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ይዤ ኖሬያለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ደስታ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር።

ሲያልቅ ዕንባዋን ጠረገች።

«ለካ እዚህ ነው የሚደርሰው» አለች ቀስ ብላ። ስለ ክሷ ትንፍሽ ሳትል ወደ ሱቋ ወረደች።

በማግስቱ አክስቴ መልሳችንን ልትሰማ መጥታ በር ላይ ቆማለች። እኛ እየተለማመድን ነው። ያው ቦታ ስንደርስ እጄ ሳተና ቆምን። ወዲያው ከሥር የመጥረጊያው እጀታ ወለሉን ደበደበው። አክስቴ አየችን፤ እኔም ዕቃ ስሸክፍ ታየኝ። ከዚያ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ በመስኮቱ ገባ።

«ምን ሆናችሁ ነው? ልትደርሱ ነው እኮ! ቀጥሉ!»