ወንዙን ያልተሻገረው ጋዜጣ

ዋና አዘጋጃችንን ከኋላው «ጋሽ ነገ» እንለው ነበር። ቤት እየተቃጠለ ነው ብለህ ብትሮጥበት መልሱ አንድ ነው፤ «ነገ ይወጣል።» ዕድሜውን ጋዜጣ ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነውና ዓለም ሌሊት ታትማ ጠዋት የምትሸጥ ይመስለዋል።

ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ሲመጣ የጋዜጣው ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው ሴትዮ፣ ድረ ገጽ እንዲከፈት አዘዙ። ከሪፖርተሮቹ ትንሿ እኔ ስለነበርኩ «ይኼን የልጆች ነገር አንቺ ያዢው» ተባልኩ። የጋሽ ነገ ሕግ ግልጽ ነበር፤ ድረ ገጹ ላይ የሚወጣው የትናንቱ ጋዜጣ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ እንደ ቢሮው እንዲዘጋም ጠይቆኝ ያውቃል።

ሽያጩ ግን ቁልቁል ሄደ። እትዬ ጋሽ ነገን በሁላችን ፊት «ሽያጩ በዚህ ወር ካልተነሣ ማሽኑን እሸጠዋለሁ» አሉት። ማሽኑ ምድር ቤት ያለው ማተሚያ ነው። የሚያንቀሳቅሰው የጋሽ ነገ ታናሽ ወንድም ሲሆን ሌላ ሥራ አያውቅም።

በዚህ መሐል አንድ የመንገድ መሐንዲስ ሹክ አለኝ። የትልቁ ድልድይ ምሰሶ ተሰንጥቋል፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ለመኪናም ለእግረኛም ይዘጋል። እየሮጥኩ ገባሁ።

«ጋሼ፣ አሁኑኑ ድረ ገጹ ላይ ላውጣው? ሰው አስቀድሞ ይወቀው።»

«አብደሻል? ከተማው በነፃ ከሰማ ማን ይገዛናል? ነገ ይወጣል። ለእናትሽም እንዳትነግሪ!»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሞቅ አለ። ፊት ገጹ ላይ በትልልቁ «ድልድዩ ዛሬ ይዘጋል» ተባለ፤ በእጥፍ እንዲታተምም ታዘዘ። ወንድምየው እያፏጨ ሠራ። እኔም አልዋሽም፣ ስሜን ፊት ገጽ ላይ ሳየው ልቤ ዘለለ።

ጠዋት ስልኩ ጮኸ። የማከፋፈያው መኪና ሾፌር ከአንድ ሱቅ ነው የደወለው።

«ጋሼ፣ ድልድዩ ተዘግቷል!»

«እናውቃለን» አለ ጋሽ ነገ ደረቱን ነፍቶ። «እኛ አይደለን የጻፍነው?»

«እሱስ ደግ። እኔ ታዲያ በየት ልለፍ?»

ማተሚያው ከወንዙ ወዲህ ነው፤ አዟሪውም አንባቢውም ወዲያ ማዶ። በሌላ መንገድ ዞሮ መድረስ ቀኑን ይፈጃል። ድልድዩ እንደሚዘጋ ከእኛ ቀድሞ ያወቀ አልነበረም፤ መኪናችን በዚያው ድልድይ እንደሚያልፍ ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼኔ ነው።

ጋሽ ነገ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «በይ አውጪው» አለኝ፣ «እዚያ... ነገርሽ ላይ።»

የቢሮው ስልክ አንድ መስመር ብቻ ስለነበር ሾፌሩ ላይ ዘጋንና ኮምፒውተሩን ሰካንበት። ሲያንቋርር ቆይቶ ኢንተርኔቱ ገባ፤ ዜናውን ለቀቅሁት።

እንዲያ ተነብበን አናውቅም። ማዶ ያሉ መሥሪያ ቤቶች በወረቀት እያተሙ በራቸው ላይ ለጠፉት። ሬዲዮው ሳይቀር እኛን ጠቅሶ አወራ። ጋዜጣው ግን ጥቅሉ ሳይፈታ መኪናው ላይ ዋለ።

ከሰዓት እትዬ ፊታቸው በርቶ መጡ፤ ጋሽ ነገን አገላብጠው ሳሙት።

«ኢንተርኔት ይጠላል ሲሉኝ አምኜ ነበር እኮ! አገር ምድሩ እኛን ሲያነብ ዋለ። ያለ ወረቀት፣ ያለ ቀለም፣ ያለ መኪና!»

«እትዬ፣ እሱ እኮ...» አለ ጋሽ ነገ።

«ገብቶኛል፣ ገብቶኛል። ለማሽኑ ገዢ ጠርቻለሁ። አንተ የድረ ገጹም ኃላፊ ነህ፤ ደመወዝ ጨምሬልሃለሁ።»

አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ? እኔ እያጨበጨብኩ ዕንባዬ መጣ። እትዬ እንደወጡ ወንድምየው ጭብጨባውን ሰምቶ ከምድር ቤት ብቅ አለ።

«ምን ተገኘ? መኪናው ተሻገረ እንዴ?»

«ደመወዝ ጨመሩልኝ» አለ ጋሽ ነገ።

«እሰይ የኔ ወንድም! ሲያንስህ ነው!» ብሎ ጥምጥም አለበት። ጋሽ ነገ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ።

«በሉ የነገውን ጋዜጣ ገጽ ቶሎ አውርዱልኝ» አለ ወንድምየው ደረጃውን እየወረደ፣ «ማሽኑን አሙቄዋለሁ።»