ኩሬው የታመመ ሰሞን

የድንች ጥብስ ፋብሪካው ከጀርባው ሰፊ ኩሬ አለው። ድንች የታጠበበትና የተላጠበት ውሃ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ድሮ አላፊ አግዳሚውን አፍንጫ ያስይዝ ነበር። አምና ግን ኩሬው በወፍራም ሸራ ተሸፈነ፤ ከሥሩ ያሉት ባክቴሪያዎች ፍሳሹን እየበሉ የሚሰጡት ጋዝም በቧንቧ ሄዶ የፋብሪካውን ውሃ ለሚያፈላው ቦይለር ነዳጅ ሆነ። ጋዙ ሲሞላ ሸራው እንደ እርጉዝ ሆድ ይነፋል።

ኩሬውን የምትከታተለው ቴክኒሻን ከባሏና ከእናቱ ጋር ትኖራለች። አማትየው ላም አርቢ ናቸው። የምራታቸውን ሥራ ሰው ሲጠይቃቸው፣ «ውሃ ላይ ናት» ብለው ያድበሰብሱታል።

አንድ ማክሰኞ አዲሱ የፅዳት ኃላፊ የድንች ማጠቢያ ገንዳዎቹን በበረኪና አሳጥቦ እጣቢውን ኩሬው ውስጥ ለቀቀው። በረኪናው ባክቴሪያዎቹን ፈጃቸው። በሦስተኛው ቀን ሸራው ሟሸሸ፤ የቦይለሩም እሳት ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ፣ «በሁለት ሳምንት ካልተነሳ ወደ ናፍጣ እንመለሳለን» አለ።

ማታ ቴክኒሻኗ ራቷን አንዴ ጎርሳ ተወችው።

«ምነው፣ አልጣመሽም?» አሉ አማትየው።

«ልጆቼ ታመሙብኝ፣ እማዬ።»

ደነገጡ፤ ልጅ የላትማ። ነገሩን ስታስረዳቸው ግን ጥቂት አሰቡና፣ «ታዲያ ሆድ ነዋ የተቃወሰው። ላሞቼ ሆድ ውስጥ ያለውስ ይኸው ዘር አይደል?» አሉ።

«ነው እንጂ። ትኩስ አዛባ ባገኝ ዘሩን መልሼ እተክለው ነበር። እርስዎን በምን አፌ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስዝቀው የኖርኩትን?»

ጠዋት አራት በርሜል አዛባ በበቅሎ ጋሪ ጭነው ራሳቸው እየነዱ መጡ። ጥበቃው በሩ ላይ አገዳቸው።

«እናቴ፣ እዚህ እኮ ምግብ ነው የሚመረተው።»

«እኔስ ምን ያመጣሁ መሰለህ?»

ምራትየው ሮጣ መጥታ በኩሬው በኩል ያለውን በር ከፈተችላቸው። አዛባውን በሞቀ ውሃ በጥብጠው ኩሬውን እንደ አራስ ጥቂት ጥቂት ያጎርሱት ጀመር። ሳምንት ሙሉ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። በዘጠነኛው ቀን የሸራው ጠርዝ ከፍ አለ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቦይለሩ ተለኮሰ።

አማትየው በቦይለሩ በር ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አጎንብሰው እሳቱን አዩ። «ሰማያዊ ነው» አሉ በቀስታ። ቀና ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ሊያመሰግናቸው ቆሟል።

«ምስጋናው ይቆይ፤ ከኩሬው ሥር የምታወጡትን ዝቃጭ ለሣር መሬቴ ስጡኝ» አሉት። እሱም ሲጥለው የኖረው ነገር ነበርና ሳቀና ተስማማ።

ከሰዓት አብረው በጋሪው ተመለሱ። ምራትየው ትከሻቸው ላይ እንቅልፍ ጣላት። አማትየው በቅሎዋ ቀስ እንድትል ልጓሙን ሳብ አደረጉ።